የባህር ዘንግ ጎርጎራ ላይ፦ ከአለት ዳር አሳ ማጥመድ የጀመረ አንድ ጎንደሬ

የጉዳዩ ባለቤት ጎንደር ተወልዶ ያደገ ወጣት ነው። ስሙ ይቅር። አጎቱ የሚኖሩት ውጭ አገር፣ ባህር አጠገብ ባለ ከተማ ነው። ሥራ ሲያርፉ አለት ላይ ቆመው አሳ ያጠምዳሉ። አገር ቤት ለእረፍት ሲመጡ የራሳቸውን የባህር ዘንግ ለወንድማቸው ልጅ ይዘውለት መጡ። ዘንጉ ሦስት ቦታ ይገጣጠማል፤ ሲገጠም አራት ሜትር ይጠጋል። አብሮት ትልቅ ሪል (የክር መጠቅለያ)፣ ክር የሚያሰምጡ 150 ግራም የሚመዝኑ የብረት እርሳሶችና የጎልማሳ ጣት የሚያህሉ መንጠቆዎች ነበሩ። ዕቃው ሲያዩት ያስጎመጃል።

ችግሩ ባህር የለንም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃ አገር ከሆነች ወዲህ የባህር በር የለንም። ለጎንደር ሰው የሚቀርበው ሰፊ ውሃ ጣና ነው። ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ለመድረስ ከ60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሰው ጎርጎራ የሚወርደው ደብረ ሲና ማርያምን ሊሳለም ወይም አዲሱን ሪዞርት ሊያይ ነው። ልጁ ግን ዘንጉን ትከሻው ላይ አድርጎ ወረደ። አጎቱ በስልክ የነገሩትን ሁሉ ማስታወሻ ላይ ጽፏል። ከሁሉ በላይ ያሰመረበት አንድ ነገር ነው፦ «አርቀህ ወርውር።»

ባዶ እጁን መመለስ ሲሰለቸው ነው ወደ እኔ የደወለው። እኔ አሳ አጥማጅ ነኝ አልልም። ግን ጎርጎራ ዘመድ ስላለኝ ዳርቻውን አውቀዋለሁ፤ ክርም ጥዬ አውቃለሁ። አብሬው ወረድኩ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ በኋላ ያየነውንና ያስተካከልነውን የሚተርክ ነው። ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር፦ የባህር አጥማጆች ዳርቻ የሚያነቡበት ብልሃት ጣና ላይ ይሠራል። ዕቃቸው ግን ከነክብደቱ አይሠራም።

ዕቃው ለምን ከበደ?

የባህር ዘንግ የረዘመውና የከበደው ለጌጥ አይደለም። ባህር ላይ ማዕበል አለ። ቀን ከሌት የሚገባና የሚወጣ ውሃ አለ። በብዙ ቦታ ውሃው በየ12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ገደማ ይሞላል፣ መልሶ ይጎድላል። ይህ የሚፈጥረው ፈሰስ ቀላል እርሳስን እየገፋ ይወስደዋል። ስለዚህ ከባድ እርሳስ ይታሰራል። አንዳንዱ እርሳስ አሸዋ እንዲቆነጥጥ የሽቦ እግር አለው። አሸዋማ ዳርቻ ላይ ደግሞ አሳው ማዕበሉ ከሚሰበርበት ወዲያ ሊሆን ስለሚችል፣ ጎበዝ ወርዋሪ ከ100 ሜትር በላይ ይልካል።

150 ግራም እርሳስ በሙሉ ኃይል ሲወረወር ቀጭን ክር አይችለውም፤ ይበጠሳል። የተበጠሰ እርሳስ ደግሞ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ነው፤ ሰው ቢያገኝ ይገድላል። ለዚህ ሲሉ ጫፉ ላይ ወፍራም ክር ይቀጥላሉ። የተለመደው ስሌት በየ28 ግራሙ እርሳስ 4.5 ኪሎ የሚሸከም ክር ነው። ለ150 ግራም 24 ኪሎ ገደማ የሚችል ክር ማለት ነው። ልጁ ይህንን ሁሉ በትክክል አድርጎታል። ቋጠሮውም ቆንጆ ነበር። አጎቱ ጥሩ አስተማሪ ናቸው።

አሁን ጣናን እንይ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከላይ ሲያዩት ባህር ይመስላል። ጥልቀቱ ግን በጣም በጠለቀበት 14 ሜትር ገደማ ነው። የሚሞላና የሚጎድል የየዕለት ማዕበል የለውም። ፈሰሱም ከዳር ሆኖ ለሚያጠምድ ሰው ኢምንት ነው። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ ወደ መሬት የሚነፍስ ነፋስ አለ። ጎርጎራ ሰሜኑ ዳርቻ ላይ ስለሆነች ያ ነፋስ ፊት ለፊት ይመጣል፤ ሞገዱም አለቱን ይመታል። ከዚያ ያለፈ ኃይል የለም። 150 ግራም እርሳስ ጣና ላይ ለምን ያስፈልጋል? ለምንም።

ያየሁት

ልጁ ወደ ውሃው የገባ የጥቁር ድንጋይ ጫፍ ላይ ቆሟል። ዘንጉን ወደ ኋላ ስቦ በሙሉ ሰውነቱ ወረወረ። እርሳሱ እያፏጨ ሄደ፤ ርቆም ወደቀ። ያምራል። ጠበቀ። ምንም የለም። ለመሳብ ሲጠቀልል ተያዘ። ግራ ሳበ፣ ቀኝ ሳበ፣ በመጨረሻ ክሩ ተበጠሰ። እርሳስም፣ መንጠቆም፣ ትልም እዚያው ቀረ። እንደገና አሰረ። እንደገና ተያዘ።

ትንሽ ራቅ ብለው አንድ ሽማግሌ አጥማጅ ተቀምጠዋል። ዘንግ የላቸውም። ናይለን ክር እንጨት ላይ ጠቅልለው ይዘዋል። ከተቀመጡበት አለት ሥር፣ ሦስት ወይም አራት ሜትር ቢሆን ነው፣ ክሩን ይጥላሉ። አጠገባቸው ባለው ማዳበሪያ ውስጥ አንድ ነገር ይንፈራገጣል።

ልጁ በመጨረሻ ኩራቱን ዋጥ አድርጎ ሄደ።

«አባባ፣ እርስዎ እንዴት ነው የሚይዙት? እኔ ያን ያህል አርቄ ጥዬም አልነካ አለኝ።»

«ልጄ፣ አሳውን አልፈኸው ነዋ የምትጥል» አሉት። ቀና ብለውም አላዩትም።

ነገሩ ይኸው ነበር። አለታማ ዳርቻ ላይ ምግቡ ያለው ድንጋዩ ሥር ነው። ድንጋዩ ላይ አረንጓዴ ሽበት ይበቅላል፣ ነፍሳትና ትንንሽ አሳዎች ስንጥቁ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ትልቁ አሳ እነሱን ተከትሎ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ ሞገዱ አለቱን ሲመታ ደግሞ የተደበቀው ሁሉ ይናወጣል፤ ውሃው ይደፈርሳል፤ አሳውም ደፍሮ ይጠጋል። ባህር ላይ አለት ዳር የሚያጠምዱ ሰዎችም ይህንኑ ነው የሚሉት፦ ሩቅ ከመወርወርህ በፊት እግርህ ሥር ሞክር። አጎቱ ሳይናገሩ አይቀሩም። ግን ወጣት ሰው አዲስ ዘንግ ይዞ እግሩ ሥር ይጥላል? አይጥልም።

ምን ለወጥን?

መጀመሪያ ክሩን። ሪሉ ላይ የነበረው ወፍራም ነው። በ0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን ለቆሮሶ፣ በ0.35 ደግሞ ለአምባዛ ተካነው። ጣና ላይ ከዳር ሆኖ ተስፋ የሚደረገው በዋናነት ሦስት ዓይነት አሳ ነው፦ ቆሮሶ ማለትም ቲላፒያ፣ አምባዛ፣ እና ነጭ አሳ። ሦስቱም ጠባያቸው ይለያያል።

ቆሮሶ አፉ ትንሽ ነው። አጎቱ ያመጧቸው መንጠቆዎች ለሱ ምሰሶ ናቸው። እዚህ ላይ ለጀማሪ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። የመንጠቆ ቁጥር ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል፤ 10 ቁጥር ከ6 ቁጥር ያንሳል። 1 ቁጥር ላይ ሲደርስ ግን ይገለበጣል፤ 1/0፣ 2/0 እያለ ያድጋል። ለቆሮሶ ከ6 እስከ 10፣ ለአምባዛ ከ1/0 ወዲያ ጥሩ ነው። ለጀማሪ አንድ ምክር ልጨምር። የመንጠቆውን ወደ ኋላ የዞረ ትንሽ ጥርስ በፒንሳ ጠፍጥፈው። እጅህን ስትወጋ፣ ደግሞ መወጋትህ አይቀርም፣ ያለ ቢላ ይወጣል።

ሁለተኛው እርሳሱ ነው። አለት ክር ይበላል፤ ይህ የትም አይቀርም። የባህር አጥማጆች ለዚህ ያገኙት መላ በጣም ደስ ይለኛል። እርሳሱን በዋናው ክር ላይ አያስሩትም። በጣም ቀጭን በሆነ አጭር ክር ያንጠለጥሉታል። ድንጋይ ውስጥ ተሰንቅሮ ሲሳብ ያ ቀጭኑ ክር ብቻ ይበጠሳል፤ መንጠቆውና አሳው ይተርፋሉ። እኛም እንደዚያው አደረግን። እርሳሱንም ተውነው፤ እርሳስ መርዝ ነው፣ በየጊዜው ውሃ ውስጥ እየተው መሄድ አያስደስትም። ጎንደር ጋራዥ ሄደን የተጣለ ካንዴላና ዳዶ ለመንን። አሮጌ ካንዴላ ቀጭን ክር ላይ ሲንጠለጠል ለጣና ከበቂ በላይ ነው። የጋራዡ ልጆች ለምን እንደምንፈልገው ስንነግራቸው ሳቁብን።

ሦስተኛው ቡሽ ነው። ለቆሮሶ ጭራሽ ክብደት ከመሬት ማሳረፍ አያስፈልግም። ትንሽ ቡሽ ከመንጠቆው በላይ ሜትር ገደማ ላይ ታስሮ ከአለቱ አጠገብ ይንሳፈፋል። ክሩ ድንጋይ ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ አይያዝም። ትሉ ደግሞ ሁሌም አሳው ዓይን ፊት ነው።

ማባበያው የመሬት ትል ነው። ከጓሮ፣ ፍግ ካለበት እርጥብ አፈር ቆፍሮ ማውጣት ነው። ትል ካልተገኘ ጠንከር ተደርጎ የተቦካ የዱቄት ሊጥ ይሆናል። ሽማግሌው የሚጠቀሙት ሊጥ ነበር። አተር የምታህል ድቡልቡል አድርገው የመንጠቆውን ጫፍ ብቻ ይሸፍናሉ። ልጁ ሙሉ ትል እንደ ጥልፍ ደርድሮ ነበር የሚያስረው። ቆሮሶ ጫፉን ቆርጦ ይሄዳል፤ መንጠቆውን አይነካም። ትሉን በግማሽ ቆረጥነው።

አራተኛው አቋቋም ነው። አለቱ ጫፍ ላይ ቆሞ ጥላውን ውሃው ላይ ይጥል ነበር። ወደ ኋላ መለስ ብሎ ቁጭ አለ። ጫማውንም ቀየረ። ጥቁር ድንጋይ እርጥብና አረንጓዴ ሲሆን እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ሞገድ ሲኖር ደግሞ ለውሃ ጀርባ አይሰጥም። ዋና ለማይችል ሰው ተንሳፋፊ ጃኬት ሳይለብሱ አለት ጫፍ ላይ መቆም ድፍረት ሳይሆን ሞኝነት ነው።

የመጀመሪያው ቆሮሶ

ቡሹ መጀመሪያ አልሰመጠም። ተንቀጠቀጠ። ልጁ ሊስብ ሲል ሽማግሌው «ቆይ!» አሉት። ቡሹ ወደ ጎን ሄደ፤ ቀስ ብሎ፣ የሆነ ሰው በጣቱ እንደሚገፋው። ከዚያ ጥፍት አለ። «አሁን!»

አራት ሜትሩ የባህር ዘንግ ጨርሶ አልታጠፈም። አሳው የእጅ መዳፍ ከነጣቱ ቢያህል ነው። በአየር ላይ እየበረረ መጥቶ የልጁ ደረት ላይ ተለጠፈ። ጀርባው ላይ ያለው እሾህ ቆሞ ነበር፤ አያያዙን ስላላወቀ ወጋው። ቆሮሶ ሲያዝ ከራሱ ወደ ጅራቱ እጅን አንሸራትቶ እሾሁን ማስተኛት ነው። ያን ቀን ያወቀው በዚያ መንገድ ነው።

አፉን ከፍተን አየን። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቷን አፏ ውስጥ ይዛ ነው የምታሳድግ። አፏ ሞልቶ የተገኘች እንደሆን መመለስ ነው። ይቺ ባዶ ነበረች። ሽማግሌው የራሳቸውን ማዳበሪያ ገለጥ አድርገው፣ «ያንተዋ ቁርስ ናት፣ እነዚህ ምሳ ናቸው» አሉ።

አምባዛው የመጣው አመሻሽ ላይ ነው። እሱ የሚበላው በጨለማ ነው፤ በዓይኑ ሳይሆን በጢሙና በማሽተቱ ይፈልጋል። የዶሮ አንጀትና ጉበት ይወዳል። እዚህ ላይ የባህሩ ዘንግ በመጨረሻ ሥራ አገኘ። ከባድ አሳ ከድንጋይ መሀል ጎትቶ ለማውጣት ረጅም ዘንግ ክሩን ከአለቱ ጠርዝ ከፍ ያደርገዋል። አምባዛ ቅርፊት የለውም፤ ያሟልጫል። ከጉንጩ ጎንና ጎን የሚቆም ጠንካራ እሾህ አለው። ከውሃ ወጥቶም አየር እየተነፈሰ ረጅም ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ ቶሎ ገድሎ፣ እዚያው ሆዱን አውጥቶ፣ በእርጥብ ጆንያ መጠቅለል ይሻላል። ከጎርጎራ ጎንደር በሙቀት አሳ ይዞ መምጣት ቀልድ አይደለም።

ነጭ አሳውን በተመለከተ

ነጭ አሳ ለብቻው የሚነገርለት ነው። ጢስ ዓባይ ፏፏቴ 40 ሜትር ገደማ ይወርዳል። ከታች ያለ አሳ ወደ ላይ መውጣት አይችልም። በዚህ ምክንያት የጣናው ነጭ አሳ ብቻውን ተነጥሎ ኖሯል፤ በዚያም ከደርዘን በላይ ዝርያዎች ወጥተውታል። አብዛኞቹ ከጣና ሌላ ዓለም ላይ የትም የሉም። ገሚሱ ሌላ አሳ የሚበላ አዳኝ ነው። ለሱ የሚያብረቀርቅ የብረት ማንኪያ የመሰለ ማባበያ እየወረወሩ መሳብ ይሠራል። ልጁ በዚህ አንድ ያዘ። ሥጋው ጥቃቅን አጥንት የበዛበት ስለሆነ ቤት ውስጥ ቅሬታ ተነሣ።

ይህ አሳ በክረምት ለመራባት ወደ ገባር ወንዞች ይወጣል። ለእኛ ቅርብ የሆነው መገጭ ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም የወንዝ አፍ ላይ ቆሞ ማጥመድ በአንድ መንጠቆ የሚመጣው ትውልድ ላይ መፍረድ ነው። አሳውን በመረብ መንገድ ላይ መዝጋት፣ ባሰ ደግሞ በብርብራ ፍሬ ማስከር ዛሬም ይታያል። እኔ በግሌ በክረምት የወንዝ አፍ አልሄድም። ልጁም አይሄድም።

ሕጉን የጠየቀ ካለ፦ የፌዴራሉ የዓሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ነው። ለሽያጭ የሚያጠምድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ለራስ ምግብም ቢሆን ከመጀመር በፊት የወረዳውን ግብርና ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ደግ ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑንም እንዲሁ። አንድ የሠፈር ምግብ ቤት ልጁን «ለጾም አሳ አምጣልኝ» ብሎት ነበር። እምቢ አለ፤ ልክ ነው። በዚህ ውሃ የሚኖሩ፣ ልጅ የሚያሳድጉ ሰዎች አሉ።

አሸዋው፣ ወይም ጭቃው

አጎቱ በአሸዋ ዳርቻ ላይ የነገሩት ትምህርት አብዛኛው ሳይሠራ ቀረ። በደምቢያ በኩል ያለው ሜዳማ ዳርቻ ጭቃ ነው። ደንገል አለ፣ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ እምቦጭ አለ። እምቦጭ ነፋሱ ወደሚነፍስበት ይነዳል። ጠዋት ንጹሕ የነበረ ቦታ ከሰዓት አረንጓዴ ሜዳ ሆኖ ታገኘዋለህ። ክር ከገባበት አይወጣም።

ባህር ላይ ሰው ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ገብቶ ይወረውራል። ጣና ላይ ይህ አይደረግም። ሣር ባለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ የብልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ይኖራል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው ተባይ በጤነኛ ቆዳ አልፎ ይገባል፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ጨው ውሃ ውስጥ ይህ ስጋት የለም። ስለዚህ ቦቲ፣ አለዚያ ደረቅ መሬት። ውሃ ውስጥ የገባ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ ፕራዚኳንቴል የሚባለው መድኃኒት ያድነዋል። ምሽት ላይ ደግሞ ወባ አለ፤ ደምቢያ በዚህ ትታወቃለች። እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ይረዳል። ጉማሬ ካለ ዕቃ ሰብስቦ መሄድ ነው፣ ክርክር የለውም።

ከባህሩ ትምህርት የቀረልን

የባህር አጥማጅ አንድ ልማድ አለው። ውሃው እስከ መጨረሻው በሚጎድልበት ቀን ዘንግ ሳይዝ ዳርቻው ላይ ይሄዳል። የተገለጠውን መሬት ያያል፦ ጉድጓዱ የት ነው፣ ድንጋዩ የት ይሰነጠቃል፣ አሸዋው የት ይጀምራል። ከዚያ ውሃው ተመልሶ ሲሸፍነው እሱ ታቹን ያውቀዋል።

ጣና በቀን ሁለት ጊዜ አይጎድልም። በዓመት አንድ ጊዜ ግን ይጎድላል። ክረምቱ አልቆ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሞልቶ ይታያል። ከዚያ እየቀነሰ ግንቦትና ሰኔ መግቢያ ላይ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ እንደየዓመቱ ቢለያይም ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። አለት ዳር ሜትር ተኩል ብዙ ነገር ይገልጣል።

ልጁ በግንቦት ስልኩን ብቻ ይዞ ወረደ። መስከረም ላይ ክሩን የሚበላበት ቦታ ምን እንደሆነ አየ። ሁለት ትልልቅ ድንጋዮች ተደጋግፈው ቆመዋል፤ መሀላቸው ክንድ የምታስገባ ስንጥቅ አለች፤ ውስጧ የሌላ ሰው ክር፣ የሱም እርሳስ ተጠላልፎ ደርቋል። ክሩን ለቃቅሞ አወጣ። ከድንጋዮቹ በስተ ግራ ደግሞ ንጹሕ ጠጠር ያለው ዝቅ ያለ ቦታ አገኘ። የቆሮሶ ወንድ ለጎጆው የሚምሰው ክብ ጉድጓድ ምልክትም እዚያ ነበር። ፎቶ አነሣ። ዳር ላይ ካለች አንዲት ዋርካ አቅጣጫውን ያዘ፤ ከዋርካዋ እስከ ጠጠሩ በእርምጃ ለካ። ሽማግሌው ሲያዩት፣ «ደረቅ መሬት ላይ ታጠምዳለህ ደግሞ?» ብለው ጠየቁት። ፎቶውን አሳያቸው። ስልኩን ተቀብለው ቦታውን በጣታቸው እየነኩ፣ ፎቶው ያልያዘውን ሌላ ጉድጓድ ከጎኑ ነገሩት።